ሦስት ቀን ያጉረመረመ መጋዝ

ማክሰኞ ጧት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃ፣
ዶን ባውዲልዮ ቁልፉን ቢጫን፣ መጋዙ አልነቃ።
«ኧምምም…» ይላል ሞተሩ፣ ቂም እንደ ያዘ አማት፣
አንዲት ሳንቃ ላይነክስ በስድሳ ጥርስ ብዛት።

ጀልባው ደጅ ቆሟል፣ ግማሽ ጎኑ ተከፍቶ፣
የጎድን አጥንቱን እንደ ከሳ በሬ አውጥቶ፤
ዶኛ ኖልፋ ለቀብድ ቆጥራ የሰጠችው
ፔሶ አልቋል፣ ድንችና ዘይት ሆኖ፣ ማን ያስመልሰው።

ጌታዬ ዞር ብሎ አየኝ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤
ቺሎዌ ደሴት ላይ እጁ የደረቀ ልጅ ማነው?
«በእርጥብ እጅህ ነክተኸው ነው፣ ሴጉንዶ፣ አንተ ነህ!» አለኝ፤
«አይደለሁም» ልል ስል ምላሴ ደረቀብኝ።
(ያን ቀን ከገላዬ ደረቅ የነበረው እሱ ብቻ ነው።)

ፊውዙን አወጣ፣ በብርሃን አየው፤ ክሩ አልተበጠሰ።
ሶኬቱን ፈታ፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ጠርጎ መለሰ።
ገመዱን በመዳፉ እየዳሰሰ ከጫፍ ጫፍ ሄደ፣
አይጥ የነከሰው ቦታ ፍለጋ በጉልበቱ ወረደ።
ምንም። ቴስተሩ መርፌውን አንስቶ «ኤሌክትሪኩ ሙሉ ነው» አለ፤
ሞተሩ ግን ያው ነው፣ ኧምምም እንዳለ።

ረቡዕ። «ካፓሲተሩ ሞቷል» አለ፣ እንደ ሐኪም ኮራ፤
ካስትሮ ላከኝ በጀልባ፣ ማዕበሉ ሲያጓራ።
አዲሱን ይዤ መጣሁ፣ ደረቴ ውስጥ አቅፌ እንደ እንቁላል፤
ተገጠመ። ቁልፉ ተጫነ።
ኧምምም ይላል።

ሐሙስ እሱ ሲያንቀላፋ፣ በእንጨት ቁራጭ ክብ ምላጩን ገፋሁ፤
አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ጮኸ! እኔም ሸሸሁ።
ጩኸቱ ሽማግሌውን ከወንበሩ አስነሳ፤
«ምን አደረግህ?» «ገፋሁት ብቻ።» ቁጣውን ረሳ።
ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ፣ «ችግሩ መነሻው ላይ ነው፤
መሮጥ ይችላል፤ የሚያስጀምረው ነው ያጣው።»
ስለ ሞተሩ ነው የተናገረው።
እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት።

ሶኬቱን ነቅዬ ጫፉን ኪሴ ከተትኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ አቀብዬ፣
የሞተሩን የኋላ ክዳን ፈታነው፣ እኔ ፋኖስ አንጠልጥዬ።
ውስጡ ሰጋቱራ ሞልቷል፣ ደቅቆ እንደ ዱቄት፣
ጥድ ይሸታል፣ የሃያ ዓመት ጀልባ ሁሉ ብናኝ የተኛበት።
ከዚያ ሥር ሁለት ትናንሽ የመዳብ ነጥቦች፣
ሞተሩ ሲቆም የሚሳሳሙ፣ ሲሮጥ የሚለያዩ ፍቅረኞች።
አልተገናኙም። በመካከል አንድ ብሎን ላልቶ ወጥቷል፤
የነሐስ ነው፣ የጀልባ ወለል ብሎን፤ ሞተር ውስጥ ምን ይሠራል?

ሽማግሌው በጣቱ ነካው። ዝም አለ። ዝናቡ ተሰማ።
አምና ነው፣ ትክክለኛው ሲጠፋበት፣ በችኮላ ያሰረው፣ ማታ በሻማ።
እኔ አምና የለሁም። የመጣሁት በመጋቢት ነው።
እሱም ያውቃል። ማወቁን አውቃለሁ። ብሎኑን ኪሱ ከተተው።

ነጥቦቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ጥቁሩ ለቀቀ፤
የመዳቡ ቅላት ከሥሩ ብቅ ብሎ ሳቀ።
አጭር ብሎን ከጣሳው ፈልጌ ሰጠሁት። ሳያየኝ ተቀበለኝ፤
ምስጋና ድሮም ከአፉ አይወጣ፤ እኔም አልጠበቅሁኝ።

ክዳኑ ተገጠመ። ሶኬቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁ።
«ተጫነው» አለኝ።
«እኔ?»
«በእርጥብ እጅህ።»

ተጫንኩት።
ሳያንገራግር ተነሳ፤ ጣሪያው ሥር የተጠለሉት ወፎች በረሩ።

የመጀመሪያውን ሳንቃ እኔ ቆረጥኩ። ጠመመ፣ በሁለት ጣት።
ሌላ ቀን ቢሆን ይሰድበኝ ነበር እስከ ሰባት ቤት።
ያን ቀን ሳንቃውን አነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፣
«ለመደርደሪያ ይሆናል» አለና ከጀልባው ሳንቃ ለየ።

እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። ቴስተሩ ተቀምጦበታል።
ክብ ነገር ግን አይቀመጥበትም፤ ይንከባለላል።